ሥራ ለቀቅኩ፣ ቤቱን ግን አልለቀቅኩም

ከምትሠሩበት ድርጅት ወይም ከድርጅቱ ባለቤት ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት ይህን ብታነቡ ደስ ይለኛል። የለቀቃችሁም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል። እኔ ሁለቱንም አይቼዋለሁ። መጀመሪያ የአሠሪዬ ተከራይ ነበርኩ፣ በኋላ የቀድሞ አሠሪዬ ተከራይ ሆንኩ። ሰውየው ያው፣ ቤቱም ያው፤ ነገሩ ግን ሌላ ሆነ።

ለዓመታት በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት ግዥ ክፍል ሠርቻለሁ። የድርጅቱ ባለቤት እዚሁ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አላቸው፤ ባለ ሁለት መኝታ ነው። ባዶውን ሲቀመጥ «ደላላ የማላውቀው ሰው ከሚያስገባብኝ አንቺ ግቢበት» አሉኝ። ልጄንና ታናሽ ወንድሜን ይዤ ገባሁ። ኪራዩ በወር 8,000 ብር ሆኖ ከደሞዜ ይቆረጥ ነበር። ለአካባቢው ርካሽ ነው። ለዚህ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

በ2017 ሌላ ቦታ የተሻለ ሥራ አገኘሁና የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። እኔም ያንኑ አደረግኩ። ባለቤቱ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«መሄድሽን ሰማሁ። እንግዲህ ይቅናሽ፣ ልጄ። ቤቱንስ መቼ ታስረክቢያለሽ?»

«ቤቱን? ጋሼ፣ እኔ እኮ የለቀቅኩት ሥራውን ነው።»

«ቤቱን የሰጠሁሽ ለሠራተኛዬ ብዬ ነዋ! ሠራተኛዬ ካልሆንሽ ምኔ ልትሆኚ ነው?»

«ተከራይዎ ነኛ» አልኳቸው። ድምፄ ተንቀጥቅጧል። ግን አልኩት።

ጭቅጭቁ ሁሉ የተነሳው ከዚህች ከአንዲት ጥያቄ ነው። የናንተም የሚነሳው ከእሷው ነው። ቤቱ ለሥራው ሲባል የተሰጣችሁ ነው ወይስ የተከራያችሁት? ለሁለቱ የሚሠራው ወረቀት ለየቅል ነው። ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት ይህንን አጣሩ።

ለሥራው ሲባል የሚሰጥ ቤት ማለት፣ ለምሳሌ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ያለ የሠራተኛ መኖሪያ፣ እርሻ ልማት ላይ ያለ ካምፕ፣ ለጥበቃ ሠራተኛ በር ላይ የምትሠራ ክፍል ነው። ኪራይ አይከፈልበትም፣ ቢከፈልም ለስሙ ያህል ነው። የኪራይ ውል የሚባል ነገር የለም። እዚህ ቤት ውስጥ ያላችሁት በቅጥር ውላችሁ ነው። ስለዚህ ሥራው ሲያበቃ መቼ እንደምትወጡ የሚነግራችሁ የቅጥር ውሉ፣ የድርጅቱ የሥራ ደንብ፣ ካለም የሠራተኛ ማኅበሩ ከድርጅቱ ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ነው። እነዚህን ሦስቱን ለምኑና እጃችሁ አስገቡ። ብዙ ሰው የኅብረት ስምምነቱን የሚያስበው ለደሞዝ ጭማሪ ብቻ ነው። የመኖሪያ ቤት አንቀጽ ያለበትም ግን አለ፤ ለመልቀቂያ የሚሰጠው ጊዜም እዚያው ሊገኝ ይችላል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ምክረ ሐሳብ ቁጥር 115ን አውጥቷል። አሠሪዎች ራሳቸው በቀጥታ ለሠራተኛ ቤት ማቅረባቸው በአጠቃላይ የሚመከር እንዳልሆነ ይናገራል። ከከተማ የራቀ የሥራ ቦታና ሠራተኛው በተጠራ ጊዜ ቶሎ መድረስ ያለበት ሥራ ሲሆን ግን ሌላ ነው ይላል። አገርን የሚያስገድድ ሕግ አይደለም፣ ምክር ነው። ሳነበው ግን ልቤን ነካኝ። ደሞዝህንም ጣሪያህንም አንድ ሰው ሲይዘው ምን እንደሚሰማ የገባው ሰው የጻፈው ይመስላል። ሥራ ላይ «ይሄ ልክ አይደለም» ለማለት ስታስቡ ልጃችሁ የምትተኛበት ክፍል ፊታችሁ ድቅን ይላል። እኔ ይህን ለዓመታት ኖሬበታለሁ።

ሁለተኛው ዓይነት የኪራይ ውል ያለው ነው። አከራይና ተከራይ ተብሎ ተፈርሟል፣ ኪራዩ ተጽፏል፣ ጊዜው ተጽፏል። የእኔ ይህኛው ነበር። አከራዩ አሠሪ መሆኑ ውሉን የቅጥር ውል አያደርገውም።

በመሃል ደግሞ የተደባለቀ አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በኪራይ ውል ነበር የሚኖረው፤ ግን ከኪራዩ ግማሹን ድርጅቱ ይሸፍንለት ነበር፤ ይህም በቅጥር ደብዳቤው ላይ እንደ ጥቅማጥቅም ተጽፏል። ሥራ ሲለቅ ድርጅቱ ግማሹን መክፈል አቆመ። እሱ እንደ ኪራይ ጭማሪ ቆጥሮት ተናዶ ነበር። ግን ጭማሪ አይደለም። ኪራዩ ያው ነው፤ የቀረው የሥራው ድጎማ ነው። ቤቱ ውስጥ መቆየት ይችላል፣ ሙሉውን እየከፈለ። የኔ ውል ላይ ግን ኪራዩ ራሱ 8,000 ብር ነው የሚለው። ድጎማ የሚል ቃል የለበትም። ስለዚህ ሥራ መልቀቄ 8,000ውን ወደ ሌላ ቁጥር ሊቀይረው አይችልም። የእናንተ ወረቀት ላይ ከሁለቱ የትኛው እንደተጻፈ ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት።

ውሌን ያዳነው አዲሱ አዋጅ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የጸደቀው መጋቢት 2016 ነው። ሲወጣ ጋዜጠኞቹ ሲያወሩ ሁላችንም ሰምተናል። አሠሪያቸው ቤት የሚኖሩ ሰዎች ግን «ይሄ እኛን አይመለከትም» ብለው ሲያልፉት አይቻለሁ። አንብቡት እባካችሁ። ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል። በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። የውሉ ጊዜ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል። ጭማሪም እንዳሻው አይደለም፤ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው መሠረት ነው። የመንግሥት ቤት የምትኖሩ ግን መመሪያችሁ የራሱ ስለሆነ የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁም አዋጁ በከተማችሁ ሥራ ላይ መዋሉን ከቤቶች ጽሕፈት ቤት አጣሩ።

ምዝገባው ሲመጣ ከጋሼ ጋር አብረን ወረዳ ሄድን። ውሉን ያረቀቀው የድርጅቱ የሕግ ሰው ነበር። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ገጹን እያገላበጠች አንዱ አንቀጽ ላይ ቆመች። «ተከራይ የድርጅቱ ሠራተኛ ሆና እስከቆየች ድረስ» ይላል። እስክሪብቶዋን መስመሩ ላይ አስደግፋ ቀና ብላ አየችን።

«ይሄ ምንድነው?»

«እሷ እኛ ጋ ነው የምትሠራው» አሏት ጋሼ።

«እሱ የሥራ ጉዳይ ነው፣ አባቴ። እዚህ የሚጻፈው ከመቼ እስከ መቼ የሚለው ነው። ቢያንስ ሁለት ዓመት።»

አንቀጹ ወጣ። በምትኩ መነሻና ማብቂያ ቀን ተጻፈ። ያኔ ሥራ የመልቀቅ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ግን ወረቀቱን ስቀበል እፎይ አልኩ። የናንተ ውል ላይ እንዲህ ያለ መስመር ካለ ሳይመዘገብ በፊት አንሱት። ተከራይቶ መኖርን ከቅጥር ጋር የሚያስር ቃል ከሌላው አንቀጽ ሁሉ የከፋው ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። አንዳንድ አከራይ የኪራይ ግብር ፈርቶ ውሉ ላይ ያነሰ ብር ይጻፍ ይላል። አሠሪ ሲሆን ደግሞ እምቢ ማለት ይከብዳል። ግን እምቢ በሉ። የተጻፈው ብርና የምትከፍሉት ብር ሲለያይ፣ ክርክር በተነሳ ቀን የትኛውን ልትይዙ ነው? ልዩነቱን በእጅ ከሰጣችሁ ደግሞ መክፈላችሁን በምን ታስረዳላችሁ?

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኪራይ ከደሞዝ ሲቆረጥ ቀላል ይመስላል፤ ባንክ መሄድ የለ፣ ቀን መቁጠር የለ። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። የእኔ የደሞዝ ወረቀት ላይ ያቺ 8,000 ብር የተጻፈችው «ሌሎች ተቀናሾች» በሚል ነበር። ልብ በሉ፣ «የቤት ኪራይ» አይልም። ብድር ሊሆን ይችላል፣ ዕቁብ ሊሆን ይችላል፣ የዕቃ ዕዳም ሊሆን ይችላል። ነገ አንድ ሰው ተነስቶ «ኪራይ ከፍላ አታውቅም፣ በነፃ ነው ያስቀመጥናት» ቢል ይህ ወረቀት አያድነኝም። የደሞዝ ሠራተኛዋን ለምኜ ከዚያ ወዲህ «የቤት ኪራይ» ተብሎ ለብቻው እንዲጻፍ አደረግኩ። ላለፉት ወራትም አንድ ገጽ ማረጋገጫ በማኅተም ሰጠችኝ። ሥራ ላይ ሳለሁ ይህን ማግኘት የሻይ ሰዓት ጉዳይ ነበር። ከለቀቅኩ በኋላ ቢሆን ግን በሩም ላይ አያስገቡኝም ነበር።

ሕጉ ስለ ቅነሳ የሚለውንም እወቁ። በአዋጅ 1156/2011 አሠሪ ከደሞዝ ላይ መቀነስ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ኪራያችሁ ከደሞዛችሁ ሲሶ በላይ ከሆነ በደሞዝ በኩል ሊቆረጥ አይገባም፤ ራሳችሁ በባንክ ክፈሉ። እኔ በሐሳቤ ከሲሶ በታችም ቢሆን በባንክ መክፈሉ ይሻላል ባይ ነኝ። የኪራይ አዋጁ የሚለውም እሱን ነው፣ ሥራ ስትለቁ ደግሞ የሚቀየር ነገር አይኖርም።

ሥራ የለቀቅኩ ቀን ሁለት ነገር በጽሑፍ ሰጠሁ። አንደኛው ለደሞዝ ክፍሉ፤ ኪራይ ከደሞዜ እንዲቆረጥ የፈረምኩት ስምምነት ከዛሬ ጀምሮ ይብቃ የሚል ነው። ሁለተኛው ለጋሼ በአከራይነታቸው፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራዩን በባንክ ሒሳብዎ አስገባለሁ የሚል። የመጀመሪያው እጅግ ጠቀመኝ። ምክንያቱም ሒሳብ ክፍሉ «ለማንኛውም የሦስት ወር ኪራይ ከመጨረሻ ክፍያሽ ላይ እንያዘው» ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር።

ከዚያ ክሊራንስ መጣ። ክሊራንስ ያዞረ ሰው ያውቀዋል፤ ከክፍል ክፍል፣ ከፊርማ ፊርማ። ላፕቶፕ አስረከብኩ፣ የቢሮ ቁልፍ አስረከብኩ፣ የንብረት ክፍል ፈረመልኝ። መጨረሻ አስተዳደር ጋ ስደርስ ከታተመው ቅጽ በታች በእጅ አንድ መስመር ተጨምሮ አገኘሁት፤ «የመኖሪያ ቤት ቁልፍ፦ አልተመለሰም»። ይህ እስካልተፈረመ ድረስ የመጨረሻ ክፍያም የለ፣ የሥራ ልምድም የለ ተባልኩ።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ መሥሪያ ቤት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የቀድሞው ይዞታል፣ ቀኑ ይሄዳል፤ ሰው ተጨንቆ ቤቱን ይለቅቃል። ሕጉ ግን እንዲህ ነው። ሥራ ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ይህ ጊዜ የሚራዘመው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የአሠሪውን ንብረት ወይም ሒሳብ ሳይመልስ ሲቀር ነው። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ፣ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደሞዝ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃም ውለታ አይደለም፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን ጽፎ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪ ግዴታ ነው።

ታዲያ የቤቱ ቁልፍ «የአሠሪ ንብረት» ነው ወይ? የእኔ መልስ ውሉ ላይ ነበር። አሠሪዬ ድርጅቱ ነው፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ የራሱ ንግድ ፈቃድ ያለው። አከራዬ ጋሼ ናቸው፤ በግላቸው ስም፣ በግላቸው ካርታ። በሰው ዓይን አንድ ሰው ነው፣ በሕግ ዓይን ግን ሁለት ናቸው። ድርጅቱ ያላከራየኝን ቤት ቁልፍ ሊጠይቀኝ አይችልም። ቤቱ በድርጅቱ ስም ቢሆን እንኳ፣ ቁልፉን የያዝኩት ጊዜው ባላለቀ የኪራይ ውል ነው እንጂ ለሥራ መሣሪያነት አይደለም ብዬ እከራከር ነበር። ካርታው በማን ስም እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ እወቁ። ከባለ ካርታው ጋር ያልተፈረመ ውል ብዙ ጣጣ አለበት።

ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፌ ለአስተዳደር አስገባሁ። ስድብ የለበት፣ ዛቻ የለበት። የመለስኩትን ንብረት ዘረዘርኩ፣ የኪራይ ውሉን ኮፒ አያያዝኩ፣ ክፍያው በሕጉ ጊዜ እንዲፈጸም ጠየቅኩ። ግልባጩ ላይ የተቀበሉበትን ማኅተምና ቀን አስመታሁ። «ከድርጅቱ ምንም የምጠይቀው የለም» የሚለውን ቅጽ ግን ገንዘቡ ሒሳቤ ላይ ሳይገባ አልፈርምም አልኩ። ትንሽ ጎተቱኝ፣ ከዚያ ከፈሉ። የሥራ ልምዱንም ሰጡኝ።

ባይሰጡኝ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት እሄድ ነበር። ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። የምታስቡት ከሆነ ግን አትዘግዩ። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። «ቤቱ ውስጥ እያለሁ እንዴት እከሳቸዋለሁ» እያሉ ስድስቱ ወር ያለፈባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ያሳዝነኛል። ደግሞ ማወቅ ያለባችሁ፣ የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። ሥራ አስኪያጅ ከነበራችሁ መንገዳችሁ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

ስለነዚያ ስለማይሸፈኑ ሰዎች ሳነሳ ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው አንድ ነገር አለ። የሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን፣ ሰርቪስ ቤት የሚያድሩ ዘበኞች። የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ነው። እነሱ ሥራ ሲያጡ በዚያው ምሽት አልጋቸውንም ያጣሉ። የኪራይ ውልም የላቸውም። በእጃችሁ የምታሠሩት ሰው ካለ፣ ቢሰናበት ስንት ቀን ማደሪያ እንደሚያገኝ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ስጡት። ሕጉ እስኪደርስላቸው ይህን ማድረግ በእኛ እጅ ነው።

ጋሼ ቀጥለው የመጡት በኪራይ ነው። ስልክ ደወሉ። «ያኔ 8,000 ያልኩሽ ለሠራተኛዬ ነው። አሁን የገበያውን 16,000 ክፈዪ።» አልተቆጣሁም። «ጋሼ፣ ወረዳ ሄጄ ልጠይቅና እደውልልዎታለሁ» አልኳቸው። ሄጄም ጠየቅኩ። መልሱ አጭር ነበር። ውሉ ተመዝግቧል፣ ጊዜው አላበቃም፣ ጭማሪ የሚኖረው በወጣው ልክ ብቻ ነው፤ ተከራይዋ ሥራ መቀየሯ ጭማሪ አያመጣም። ይህን ለጋሼ በስልክ ብቻ አልነገርኳቸውም፣ በመልእክትም ጻፍኩላቸው። በዚያው ወር 8,000ውን በቀኑ አስገባሁ። ምክንያቱ ላይ «የቤት ኪራይ» ብዬ ወሩን ጻፍኩ። እባካችሁ፣ እንዲህ ዓይነት ክርክር ላይ ስትሆኑ ኪራይ አንድም ቀን አታሳልፉ። አከራዩ የሚፈልገው ምክንያት እሱ ነው። አልቀበልም ብሎ ሒሳቡን ቢዘጋ እንኳ ለመክፈል መሞከራችሁን የሚያሳይ ነገር ይኑራችሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ የከበደኝ የቤቱ ባለቤትነት ስሜት ነው። ድርጅቱ ውስጥ ሳለሁ እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ትርፍ ቁልፍ ነበራቸው። መጋዘን የሚገቡ ይመስል ሳይደውሉ ይገቡ ነበር፤ መጋረጃ ያያሉ፣ የውኃ ታንከሩን ያያሉ። ሥራ ከለቀቅኩ በኋላም ቀጠሉ። አንድ ቀን ወንድሜ የሌሊት ፈረቃ አድሮ ተኝቶ ሳለ መኝታ ክፍሉ ድረስ ገቡ። ልጁ ደንግጦ ተነሳ፣ እሳቸውም ደነገጡ። ያን ቀን ማታ ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ እንደ እናቴ ነው የማይዎት። ግን ሲመጡ ከቀኑ በፊት ይደውሉልኝ። ካልደወሉ እንዳይገቡ ነው የምለምንዎት።»

«በገዛ ቤቴ?»

«ቤቱማ የእርስዎ ነው። ኑሮው ግን የእኛ ነው።»

ዝም አሉ። አከራይ ለተከራዩ ቤቱን በሰላም እንዲጠቀምበት ማድረግ አለበት፤ ይህ ከአዲሱ አዋጅ በፊትም በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያለ ነው። በእርግጥ ባለቤት ቤቱን ማየት ይችላል፤ ጥገና ሲኖር መግባት አለበት። ግን በቀጠሮ ነው። ከዚያ በኋላ እትዬ እየደወሉ መምጣት ጀመሩ። ሻይም አብረን ጠጥተናል።

ይሉኝታ የሚባለው ነገር እዚህ ቤት ውስጥ ከሁሉም ይከብዳል። እንጀራ የሰጣችሁን ሰው «ውሉ እንዲህ ይላል» ማለት ነውር ይመስላል። የገዛ እናቴ «ተዪ፣ ሰውየው ባለውለታሽ ናቸው» ብላኛለች። ውለታ አለብኝ፣ እውነት ነው። ለዓመታት ግን ሠርቼበታለሁ፤ ኪራዩንም ከፍያለሁ። ልጄን ይዤ በወር ውስጥ ጎዳና ላይ በመውጣት የሚመለስ ውለታ የለም። ማክበሬን ሳልቀንስ መብቴን መጠየቅ እንደምችል ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ፤ እናንተ ግን ያን ያህል አትሠቃዩ።

ነገሩን የቋጨልን የቀድሞው የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ነው። ሁለታችንም የምናከብረው ሽማግሌ ሰው ነው። ቁጭ አድርጎ አነጋገረን። ጋሼ እውነተኛ ችግራቸውን ያን ቀን ተናገሩ፤ ቤቱን ለሚያገባ ልጃቸው ፈልገውት ኖሯል። መጀመሪያ ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ ብዙ ባልተባባልን። ሽምግልና ጥሩ ነው፤ ግን በባዶ እጅ አትግቡ። ውሉን፣ የባንክ ደረሰኙን፣ የደብዳቤውን ግልባጭ ይዤ ነው የገባሁት። ሽማግሌውም «እሷ መቆየት ትችላለች፤ ከዚህ እንነሳ» ብሎ ነው የጀመረው። የተስማማነው እኔ ሌላ ቤት እስካገኝ በዚያው ኪራይ እንድቆይ፣ ሳገኝም በውላችን ላይ የተጻፈውን የሁለት ወር ማስታወቂያ ሰጥቼ እንድወጣ ነው። ጽፈን ተፈራረምን። ሽማግሌውም እማኝ ሆኖ ፈረመ።

በኋላ ለልጄ ትምህርት ቤት የሚቀርብ ቤት አገኘሁ። ስወጣ ርክክቡን በጽሑፍ አደረግን። ክፍል በክፍል እየዞርን የበሩን፣ የቧንቧውን፣ የመስኮቱን ሁኔታ ጻፍን። የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። በዚህ መሃል የድርጅቱ ሒሳብ ክፍል አንዲት ወረቀት ላከ። ስገባ ከሰጠሁት የሁለት ወር ቅድመ ክፍያ ላይ የላፕቶፕ ዋጋ ይቀነስ ይላል፤ አልተመለሰም ተብሎ። የንብረት ክፍል የፈረመበትን ክሊራንስ ከፋይሌ አወጣሁ። ላፕቶፑ ከነመለያ ቁጥሩ «ተመልሷል» ይላል። ጋሼ አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ። የላፕቶፑ ወረቀት ተቀደደ። ላፕቶፑ ባይመለስ እንኳ ጉዳዩ የድርጅቱና የቀድሞ ሠራተኛው ነው፤ ከኪራይ ቅድመ ክፍያ ላይ የሚነሳ አይደለም። ክሊራንሳችሁን ከሥራ በወጣችሁ ማግሥት አትጣሉት፤ ቤቱን እስክታስረክቡ ድረስ ከኪራይ ውሉ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።

ቅድመ ክፍያዬ በባንክ ተመለሰ። ቁልፎቹን፣ ትርፉንም ጨምሮ፣ ቆጥሬ አስረከብኩ። በማግሥቱ ከጋሼ ጋር ወረዳ ሄደን ውሉ መቋረጡን አስመዘገብንና ፋይሉን አዘጋን። ይህን ሳታደርጉ አትሂዱ፤ መዝገቡ ላይ እናንተ ተከራይ ሆናችሁ እንዳትቀሩ።